በጭላሎ ግርጌ መያዣ ሆኜ ያደርኩበት ጉዞ

አሰላን ላላያችሁትና ምናልባትም ለማታዩት ለደብረ ታቦር ሰዎች፣ ይልቁንም ለእናቴና ለማኅበርተኞቿ፣ ይህን የጻፍኩት በሰላም ከተመለስኩ በኋላ ነው። መንገድ ላይ ሆኖ መጻፍ ጥሩ አይደለም፤ ሰው ባላለቀ ነገር ላይ ይፈርዳል። አሁን ግን ልብሴን አጥቤ፣ ምስጋናዬን አድርሼ፣ ረጋ ብዬ ተቀምጫለሁና ቀን በቀን እንዳለፈው እነግራችኋለሁ። እናቴ መንገደኛ ባገኘች ቁጥር «አዲስ አበባ ምን ትሠራለች? ደም ታያለች የሚሉት እውነት ነው?» እያለች ታስጠይቀኛለች። እውነት ነው፤ ደም አያለሁ። እንዴት እንደማይና ለምን እንደማይ ከዚህ ታገኘዋለች።

የምሠራበት ላቦራቶሪ ከየአውራጃው የሚላክለትን የሕመምተኛ ደም የሚመረምር ቤት ነው። ከአሰላ ሆስፒታል ጋር አብረን የጀመርነው አንድ ጥናት አለ፤ በአርሲ ደጋ ሰውን እያነደደ የሚጥለው ትኩሳት የትኛው ግርሻ፣ የትኛው ሌላ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ። ግርሻ የምንለው ለቀቀኝ ሲሉት ተመልሶ የሚይዘውን፣ ቅማል የሚያስተላልፈውን ነው። እስካሁን እነሱ ደሙን በቀጭን መስታወት ላይ ቀብተው ይልካሉ፣ እኛ አይተን መልሱን እንጽፋለን። መልሱ አሰላ ሲደርስ ግን በሽተኛው ወይ ድኗል ወይ ተቀብሯል። ስለዚህ አለቃችን ሐኪም አንድ ማይክሮስኮፕ አስጠቅልሎ ሰጠኝና እንዲህ አለኝ።

«አሰላ ከድር የሚባል የሆስፒታሉ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት አለ፤ አስተምሪው። አንቺ አጠገቡ ሳትቆሚ ብቻውን አይቶ መፍረድ ከቻለ መሣሪያውን ትተሽለት ነይ። ካልቻለ እንደተጠቀለለ መልሺው፤ የሚጠብቀው ሌላ ቦታ ሞልቷል።»

ፈራጇ እኔ ነኝ ማለት ነው። ፍርድ ደግሞ አልወድም።

ሐሙስ ጠዋት ከለገሃር ሊትሪና በሚሉት ባቡር ተነሣሁ። ጥምቀት ካለፈ ገና ሳምንቱ ነበርና ብርዱ ስላልለቀቀ ማይክሮስኮፑን በጋቢዬ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ቢሾፍቱ እስክንደርስ ዓይናቸውን ከጋቢው አልነቀሉም። በመጨረሻ «ልጄ፣ ይኸ ሕፃን ምነው ድምፁም አይሰማ? ጡት ስጪው እንጂ» አሉኝ። ዕቃ ነው ስላቸው አላመኑም፤ ገልጬ ባሳያቸው «እሱስ ከልጅ ይልቅ ይከብዳል» ብለው ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። የእኛ አገር ሰው በቅሎ ላይ ሆኖ ቀኑን ሙሉ የሚሄደውን መንገድ ባቡር አንድ ወግ ሳያልቅ ይጨርሰዋል። ነገር ግን ከበቅሎ ወርዶ ውሃ መጠጣት፣ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ቆም ማለት የለም። ስንቱን ደብር በመስኮት ተሳለምኩ፤ እጄን ወደ ግንባሬ ሳደርስ አልፎ ይገኛል።

ናዝሬት አደርኩ። አልቤርጎው ንጹሕ ነው፤ ሙቀቱ ግን ደብረ ታቦር ተወልዶ ላደገ ሰው ቅጣት ነው። የአልቤርጎው ባለቤት የበሩ ቁልፍ እንደማይሠራ ሲነግሩኝ ስለ ዕቃው ፈርቼ ፊቴ ተለወጠ መሰለኝ፣ የራሳቸውን አልጋ ለቅቀው ከሴት ልጃቸው ጋር አስተኙኝ። ልጅቱ በእንቅልፏ ስትራገጥ አደረች። ተመስገን፤ ዕቃው ደኅና ነበር።

ዓርብ በጭነት መኪና ጋቢና ገባሁ። አዋሽን በድልድዩ ተሻግረን ዴራን ካለፍን በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይሆናል፤ ሙቀቱም እንደ ልብስ ከላዬ እየተገፈፈ ይወርድ ጀመር። ኢተያ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ ወርዶ አየና ረዳቱን «አንተ ትናንት ተጠገነ አላልከኝም?» አለው። ረዳቱ «ተጠግኖ ነበር፤ እንደገና ነው የፈነዳው» ብሎ መለሰ፤ በዚህ ተስማሙ። ጎማውን እያንከባለሉ ኢተያ ወዳለው ጎሚስታ ሲሄዱ እኔ ከመንገዱ ዳር ካለ አውድማ ጠርዝ ተቀመጥኩ። ስንዴ ይወቃል። እንደኛ አገር በሬ እያበራዩ ነው፤ ሜዳው ግን የኛን አይመስልም፤ ዓይን የሚያርፍበት ኮረብታ ሳይኖር ወርቅ መስሎ ይዘረጋል። አንዲት የባላገር ሴት ብቻዬን መቀመጤን አይታ የስንዴ ንፍሮ በሣህን አመጣችልኝ። ዓርብ ስለሆነ ደስ አለኝ፤ ንፍሮ ለጾምም ይሆናል። ቋንቋዬን አታውቅም፣ ቋንቋዋን አላውቅም። እስክጨርስ አጠገቤ ቆመች፤ ስጨርስ ሣህኗን ይዛ ሄደች። አንዳንድ ግብዣ ወግ አያስፈልገውም።

አሰላ የደረስነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ከተማዋ ከባሕር ዛፍ መካከል የተቀመጠች ናት። ከበላይዋ የጭላሎ ተራራ ደመናውን ተከናንቦ ቁሟል። ሳየው የአገሬን የጉናን ተራራ አየሁ፤ ያው ብርዱ፣ ያው ገብሱ፣ ጢስ በጣራ ላይ ሲሳብ ያው መልኩ። ለደቂቃ ያህል አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ከዚያ ሰዎች በኦሮምኛ ሲጠራሩ ሰማሁና የት እንዳለሁ ትዝ አለኝ።

ማደሪያ የተሰጠኝ ወይዘሮ አስካለ ከሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ቤት ነው። አያታቸው ከመንዝ የመጡ ናቸው፤ እሳቸው ግን መንዝን አይተው አያውቁም። ከኔ ጋር እንደ ሸዋ ሰው ያወራሉ፤ የገበያ ሴት በር ላይ ስትጣራ በኦሮምኛ ይከራከራሉ፤ ሲበሳጩ ሁለቱን ይቀላቅላሉ። «ደብረ ታቦር? እዚያስ ብርድ አለ?» ብለው ጠየቁኝ። አለ ስላቸው «እንግዲያስ ቤትሽ ገብተሻል» አሉና አንድ ቡሉኮ ደረቡልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ጭኮ የሚሉትን፣ የተቆላ የገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ የታሸ ምግብ አቀረቡልኝ። የእኛን በሶ ብታስቡት ያው ወንድሙ ነው፤ ነገር ግን ይህኛው ሀብታም ያገባ ወንድም ነው።

ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ ሥራችን ሆስፒታሉ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ማይክሮስኮፑን መስኮቱ ሥር አስቀመጥነው፤ ብርሃን የሚቀበለው በታችኛው መስታወቱ ነውና ፀሐይ ስትዞር እኛም እናዞረዋለን።

ከድር ረጅም፣ ቀጭን፣ የአሰላ ተወላጅ ነው። ኦሮምኛና አማርኛው እኩል ነው፤ እስላም ነው፤ እጁ እንደ ላባ ይቀላል። የሰው ጣት ሲወጋ በሽተኛው «መቼ ነው የምትወጋኝ?» ይለዋል። ደሙን ስስ አድርጎ መቀባት፣ ቀለም ማጥለቅ፣ ማጠብ፣ ማድረቅ ባንድ ቀን ያዘው። ማየቱ ላይ ስንደርስ ግን ነገር መጣ። የግርሻ ተሐዋሲ ቀለም በገባ ደም ውስጥ የተጠማዘዘች የፀጉር ስባሪ ትመስላለች። አንዳንዴ መስታወቱ ሞልቶ ይታያል፤ አንዳንዴ ግን ብዙ ፈልጎ አንዷን ማግኘት ነው።

«አቶ ከድር፣ ምን ይታይዎታል?»

«እርስዎ ያዩት ይታየኛል፣ ሲስተር።»

«እኔ ገና አላየሁም እኮ።»

«እንግዲያ እስኪያዩ እጠብቃለሁ።»

አጠገቡ መቆሜ አስጨንቆት ይሆን ብዬ ወጥቼ ግቢውን ዞርኩ። ስመለስ ዓይኑን ከመነጽሩ ላይ አላነሣም፤ «አለ ይመስለኛል፤ የለም ካሉ ግን የለም» አለኝ። ምንም ሳልነግረው ሌላ መስታወት አስቀመጥኩለት። እሱም አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ፊቴን ተመለከተ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ መስታወቱን ትቶ የኔን ፊት ነው የሚመረምረው። ከሩቅ የመጣች አስተማሪና እንግዳ ነኝ፤ እንግዳን ደግሞ «አይደለም» ማለት በሱ ቤት ነውር ነው። በእኛም ቤት ነውር ነው፤ ስለዚህ ልቆጣው አልቻልኩም።

እሑድ ቅዳሴ ሄጄ ይህን ጉዳይ ለእግዚአብሔር ነገርኩ። ዜማው ከኛ ትንሽ ይለያል፤ ሴቶቹ ግን እንደኛው ወደ ኋላ ሆነው ልጆች ይቆጣሉ። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ወይዘሮ አስካለ «ያ የከድር ነገር እንዴት ሆነ?» አሉኝ። ከተማው ሁሉ ያውቃል ለካ።

«ያውቅ አያውቅ አላወቅሁም» አልኳቸው።

«አጎቱ በዚህ ትኩሳት ነው የሞተ። መልሱ ከአዲስ አበባ የመጣው ከተቀበረ በኋላ ነው፤ ተቀብሎ ያነበበውም ራሱ ከድር ነው። ያንን ዕቃ አንቺ ይዘሽ ብትመለሺ ምንም አይልሽም። እስከ መኪናው ድረስ ይሸከምልሻል።»

ይህ ሸክም ሆነብኝ። አዝኜለት ዕቃውን ብተውለት ያላየውን አየሁ ብሎ ሰው ይገድላል። ይዤ ብመለስ ደግሞ የሚያውቅን ሰው በትሕትናው ቀጣሁት።

ማክሰኞ ማታ ትኩሳቱ ከጭላሎ ሥር አንድ መንደር መግባቱ ተሰማ። ሆስፒታል የማይመጡትን በየቤታቸው ማየት የጥናቱ አንዱ ክፍል ነውና ረቡዕ ጠዋት ሁለት በቅሎ ተከራይተን ወጣን። ከአሰላ ሲወጡ መንገዱ በገብስ ቃርሚያ መካከል ይሄዳል፤ ከብቱ ብዛቱ። በኛ አገር ሁለት ላም ያለው ጌታ ነው፤ እዚህ ግን መንጋው ሲያልፍ ቆሞ መጠበቅ የመንገዱ ሥርዓት ነው።

የገባንበት ቤት የአዴ ሩቂያ ይባላል። አዴ በነሱ ዘንድ ለትልቅ ሴት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ አሮጊት ናቸው። ልጃቸው ሁሴን ከግድግዳው ሥር ቆዳ ላይ ተኝቶ በትኩሳት ይንቀጠቀጣል፤ ሚስቱ ዛህራ አጠገቡ ናት። የጎረቤት ሰውም ተሰብስቧል፤ አንዲት ያተኮሳት ልጅና እንዲሁ ያተኮሳቸው ኦቦ ገልገሉ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ገና ቁጭ ከማለታችን አዴ ሩቂያ ወተት በጮጮ አምጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ወተቱ ከላይ አረፋ አለው፤ የታጠነ ዕቃ ይሸታል። ቀኑ ግን ረቡዕ ነው። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ መለስኩት።

ሴትየዋ ጮጮውን መሬት አስቀመጡት። ፊታቸው እንደ በር ተዘጋ።

ከድር ደም ለመውሰድ ሲጠይቅ ባጭሩ መለሱለት። እሱ ወዲያው አልተረጎመልኝም፤ «ምን አሉ?» ብዬ እስክጠይቀው ድረስ።

«‹ወተቴን ያልቀመሰች ሴት ደሜን ምን ልታደርገው ነው የምትወስደው?› ነው የሚሉት።»

«ጾም መሆኑን ይንገሯቸው እንጂ።»

ነገራቸው። አዴ ሩቂያ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እሱን አዩ፤ ከዚያ የወረዱበትን ነገር ዛህራ እየሳቀች ተረጎመችልኝ። ዛህራ አሰላ ከተማ ስላደገች አማርኛ ታውቃለች። «‹ጾመኛ ይዘህ መጥተህ ዝም ትላለህ? አፍህን ከተማ ጥለኸው ነው የመጣኸው?› ይሉታል።» ሴቶቹ ሳቁ፤ ከድር አንገቱን ሰበረ፤ እኔም ተረፍኩ ብዬ አሰብኩ። አዴ ሩቂያ ግን አልጨረሱም።

«አምና አንድ ሰው መጥቶ ነበር። ከያንዳንዱ ቤት ደም ወሰደ። ምን እንዳገኘበት ግን ተመልሶ አልነገረንም። ወይፈን ባውስ እንኳ ምን ላይ እንደዋለ ይነገረኛል። ደሜ ከወይፈን ያንሳል?»

ያ ደም የሄደው ወደኛ ላቦራቶሪ ነው። እኛ አይተን ለሆስፒታሉ ጽፈናል፣ ሆስፒታሉም ከጥናቱ ጋር አኑሮታል፤ ወደዚህ ኮረብታ ግን የሚያወጣው እግር አልነበረም።

«እንግዲህ እንዲህ ይሁን» አሉ አዴ ሩቂያ። «ደሙን አንተ ይዘህ ሂድ። እንግዳዋ ከኔ ጋር ትቆይ፤ ጾሟንም እዚሁ ትፍታ። ነገ የደሙን ወሬ ስታመጣልኝ እሷን ትወስዳለህ።»

ከድር ወደ እኔ ዞረ። «ሲስተር፣ መያዣ ሆኑ።»

«እሺ በሏቸው» አልኩት።

«ታዲያ መስታወቱን ማን ያያል?»

«እርስዎ ነዎት።»

ከያንዳንዱ ሰው፣ ከአዴ ሩቂያም ጭምር ደም ወሰደ፤ መስታወቶቹን ከጥጥ መካከል ደርድሮ በቅሎዋ ላይ ወጣ። እስኪርቅ ድረስ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየኝ። ሦስተኛውን ጊዜ አልዞረም።

አሁን ስለ መያዣነቴ ልንገራችሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የጾም ሰዓቴ ደረሰ፤ እህል መቅመስ እችላለሁ። ነገር ግን በቤቱ ምግብ የሚባል ነገር ከዓይኔ ተሰውሯል። ልጆቹ እንኳ ቂጣቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ይሮጣሉ። እንግዳ ሆኜ ራበኝ ማለት ከበደኝና አሥር ሰዓትን አሳለፍኩ። ፀሐይ ስትጠልቅ አዴ ሩቂያና ሴቶቹ ጸሎታቸውን አድርሰው ወተትና በቅቤ የተዋጠ ገንፎ በፊቴ አቀረቡ። ሁሉም በደስታ ያዩኛል። ዛህራ «አዴም ከቀትር ጀምሮ አልቀመሱም፤ እንግዳ ጾማ እኔ አልበላም ብለው» አለችኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። የነሱ ጾም ፀሐይ ስትገባ ይፈታል፤ ሁሉም ይበላል። እንደነሱ የምጾም መስዬአቸው፣ እንዳልጎመጅ ብለው ነው እህሉን የደበቁልኝ፤ ከኔ ጋርም የተራቡት። ገንፎው ይጨሳል፤ ቅቤው ይወርዳል። የሰው ፍቅር እንዲህ ፊት ለፊት ተቀምጦ እምቢ ማለት ምን ያህል እንደሚያም ለእናቴ መንገር አያስፈልገኝም።

«የኛ ጾም ለወተትና ለቅቤ እስከ ነገ አይፈታም» አልኳት ዛህራን። «እህል ብቻውን ግን እበላለሁ፤ ቀድሞም እችል ነበር።»

ስትተረጉምላቸው አሮጊቷ ወደ ደጅ አመለከቱ። «ፀሐይዋ ገብታለች እኮ።»

«ገብታለች።»

«እና ያንቺን ጾም ማን ነው የሚፈታው?»

«ነገ የሚመጣው ሐሙስ።»

የአሮጊቷ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያለቀሱ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቁ ነው። ዛህራም ሳቀች፤ ሁሴን እንኳ ከተኛበት አንድ ነገር አለና ሳቀ። ችግሩ ግን አልቀለለም፤ በዚያ ቤት ቅቤ ያልነካው ዕቃ የለም፤ ድስቱ ቅቤ ጠጥቶ ያደገ ነው። በመጨረሻ ዛህራ የገብስ ሊጥ ለወሰችና ምንም ዕቃ ሳይነካው ረመጥ ውስጥ ቀበረችው። ሲወጣ አመዱን በእጇ አራገፈችልኝ። አዴ ሩቂያ ስበላ እያዩኝ «ለእንግዳዬ አመድ አበላሁ ብዬ ለማን እናገራለሁ?» አሉ። እሳቸው ገንፏቸውን፣ እኔ የረመጥ ቂጣዬን አብረን በላን። ከዚያ ወዲህ እንዲህ የጣፈጠኝ እህል የለም።

ከመተኛታችን በፊት እናት አለሽ ወይ አሉኝ። አለችኝ፣ ብዙ ቀን የሚያስኬድ ሩቅ አገር ናት አልኳቸው።

«ስትታመሚ ማን ይነግራታል?»

«ከዳንኩ በኋላ ራሴ መልእክት እልክባታለሁ።»

«ይህ ጥሩ አይደለም» አሉ፤ ከልብሳቸው አንዱን አውጥተው እግሬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። እኔም ጸሎቴን ስጸልይ የሁሴንን ስም ጨመርኩ፤ የከድርንም ዓይን።

ሐሙስ ማለዳ ወተቱ የመጣው ገና ሳልነሣ ነው። አዴ ሩቂያ ራሳቸው አልበው በራሳቸው እጅ ሰጡኝ። አማትቤ ጠጣሁ። የጮጮው ታች እስኪታያቸው ድረስ ከራሴ በላይ ቆመው ጠበቁ።

ከዚያ በኋላ የከድር መምጣት ነበር የቀረው። ፀሐይዋ ወጣች፣ ከብቱ ወጣ፤ እሱ የለም። የሁሴን ትኩሳት ዓይኑን አቅልቶታል። ዛህራ ወደ ደጅ ትወጣለች፣ ትገባለች። «ይመጣል ብለው ነው?» አለችኝ። ይመጣል አልኳት፤ በልቤ ግን የሚጠይቀው ሰው ፍለጋ ሆስፒታሉን እየዞረ ይሆን እላለሁ።

ረፋድ ላይ በቅሎዋ ታየች። ከድር ዓይኑ ቀልቷል፤ መድኃኒቱን ባንገቱ አንግቷል። ገብቶ ሰላምታውን በሥርዓት አደረሰ፤ የከብቱን፣ የልጆቹን፣ የአዝመራውን ደኅንነት ጠየቀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ወደ እኔ አላየም። ከዚያ ለአዴ ሩቂያ አንድ በአንድ ነገራቸው፤ ዛህራ በጆሮዬ ተረጎመች። የሁሴን ደም ግርሻ አለበት። የልጅቱም አለበት። የአዴ ሩቂያ ንጹሕ ነው። የኦቦ ገልገሉም ንጹሕ ነው፤ የሳቸው ትኩሳት ሌላ ነው።

«እርግጠኛ ነዎት?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«ለሳቸው ተናግሬያለሁ እኮ፣ ሲስተር» አለኝ። መርፌውን ማፍላት ጀመረ።

መርፌው ከተወጋ በኋላ በሽተኛው ከመሻሉ በፊት ብሶበት ይንቀጠቀጣል። ያ እስኪያልፍ ሁሴንንና ልጅቱን ይዘን ተቀመጥን፤ አዴ ሩቂያም ይህ እንደሚመጣ አስቀድሞ ስለተነገራቸው አልደነገጡም። ላቡ ሲወርድ፣ ትንፋሹ ሲረጋ፣ አሮጊቷ እጄን ይዘው ለከድር ሰጡት። «መያዣህን ውሰድ» አሉት።

አሰላ ስንገባ ገና ብርሃን ነበር። ሳላርፍ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ መስታወቶቹን አንድ በአንድ አየሁ። የሁሴን፣ የልጅቱ፣ የአዴ ሩቂያ፤ ሁሉም እንዳለው ነው። የኦቦ ገልገሉ ላይ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ከዳር በኩል አንዲት የተጠማዘዘች ፀጉር አየሁ።

«አቶ ከድር፣ ይህ ላይ አለ።»

መጥቶ አየ። «አይደለም» አለ።

ከመጣሁ ጀምሮ ይህን ቃል ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር። እሱ ራሱ ያለው አልመሰለውም። «የቀለም ዝቃጭ ነው። ማታ አይቼዋለሁ። ይህን አንዱን በደንብ አላጠብኩትም ነበር።»

«ዝቃጭ እንዲህ አይጠማዘዝም።»

«ይጠማዘዛል። ቅዳሜ ራስዎ አሳይተውኛል።»

እውነት ነው፤ አሳይቼዋለሁ። ትንሽ ተናደድኩ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ከንዴቴ በታች ግን ልቤ ደስ ብሎት ነበር። «እንግዲያስ ሌላ እንፈልግ» አልኩት። መስታወቱን እየገፋን፣ ብርሃኑን እያዞርን፣ እኔ ሳይ እሱ እየነጠቀኝ፣ እሱ ሲያይ እኔ እየነጠቅሁት ፈለግን። በመጨረሻ ዓይኑን ከመነጽሩ ሳያነሣ መስታወቱን መግፋት አቆመ።

«ሌላ አለ» አለ። ቆየና «ይቺም አለች።»

ተነሥቶ መድኃኒቱን ይደረድር ጀመር።

«ሊመሽ ነው እኮ፤ ነገ ጠዋት ይሄዳሉ» አልኩት።

«ንጹሕ ነህ ብያቸዋለሁ፣ ሲስተር። ንጹሕ ነህ የተባለ ሰው ቢያተኩሰውም ሐኪም አይፈልግም።» ከበሩ ሲደርስ ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ። «ደግሞ አዴ ሩቂያ ከኔ በፊት ከሰሙ፣ ዛሬ መያዣው እኔ ነኝ።»

ማታውን ከወይዘሮ አስካለ ጋር እሳት ስንሞቅ ተሳስቶ መገኘቱን ነገርኳቸው። «ታዲያ ዕቃውን ይዘሽ ልትሄጂ ነው?» አሉኝ። እኔም ለሳቸው የተናገርኩትን ለእናንተም እናገራለሁ። እኔም እሳሳታለሁ፤ ሁሉም ዓይን ይሳሳታል። የሚያስፈራው ያየውን የማይናገር ዓይን ነው። ከሆስፒታሉ ሐኪም ጋር እንዲህ ተስማማን፤ አሰላ ያየውን መስታወት አዲስ አበባ ደግሞ ታየዋለች፣ አዲስ አበባም ያየችውን መልሱን ሳትነግር ለአሰላ ትልካለች፤ ያልተስማማ ያልተስማማበትን ይናገራል። ደም የሰጠ ሰው ደግሞ፣ ኮረብታ ላይም ቢሆን፣ ወሬው ይደርሰዋል። አለቃዬ በኋላ ይህን ስነግረው ብዙ ጠየቀኝ፤ ይሁን አለ።

ዓርብ ጠዋት አውቶቡሱ ከመነሣቱ በፊት ከድር ከመንገድ መጣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ አቧራ ነው። «ኦቦ ገልገሉ ሌሊቱን ላብ በላብ ሆነው አደሩ፤ አሁን ደኅና ናቸው» አለኝ። በቅጠል የታሰረ የቅቤ ቅል እጄ ላይ አኖረ። «ይህን አዴ ሩቂያ ለእናትዎ ብለዋል። ዛሬ ዓርብ መሆኑን ነግሬአቸዋለሁ፤ እንዳትነካው ብለዋል።»

ከዚያ ወደ አውቶቡሱ ጣራ፣ ወደ ተጫነው ጓዝ አየ። ለሳምንት ያህል ያልጠየቀውን ጠየቀ።

«ማይክሮስኮፑ ተጭኗል?»

«አልጫንኩትም፤ መስኮቱ ሥር ነው።»

ከድር ያንገቱን ሻርፕ ጫፍ አንድ ጊዜ ፈታው፣ መልሶ አሰረው። በእኛ አገር እንግዳ የሚሸኝ ሰው መኪናው ከዓይን እስኪሰወር ቆሞ ያያል፤ በአሰላም ወጉ ያው ነው፤ ከድር ደግሞ ከማንም ይልቅ ወግ የሚያውቅ ሰው ነው። ወይዘሮ አስካለም ጋቢያቸውን አጣፍተው በዚያው ቆመው ነበር።

«ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለኝ። «ከሮቤ መንገድ ትናንት የመጡ ሁለት ትኩሳት ያለባቸው ሰዎች በር ላይ እየጠበቁኝ ነው። ፀሐይዋም መስኮቱን ሳታልፍ...»

ሾፌሩ ገና ሞተሩን አላስነሣም ነበር። ከድር በፍጥነት እየተራመደ በባሕር ዛፎቹ መካከል ሄደ፤ ዞሮም አላየኝ።